ባለ ጎማዋ ቤቴ

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2019፣ ከሰዓት በኋላ።
አየሩ፦ ነፋስ ከባሕር በኩል፤ ደመናው ከፍ ብሎ ይሮጣል፤ ዝናብ የለም።
የተገኙት፦ እኔ፣ ግድቡ ላይ የሚግጡ አሥራ አንድ በጎች፣ ስሙን የማላውቀው አንድ ውሻ።

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እንቅልፍሽስ? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ አንዳንዴ ያኮርፈኛል፤ ከዚያ ሽማግሌ ሳይገባ ራሱ ይታረቀኛል። የእናታችንን መቃብር ከመነሣቴ በፊት አጽድቼ ቢጫ አበባ ተክዬበታለሁ፤ ስለሱ አታስቢ።

ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው። ጊዜ ካነሰሽ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብቢ። ሌላው ለመሳቅ ነው፤ ቆይቶም ይደርሳል።

መኪና ገዛሁ። መኪና ስልሽ ለገበያ የሚሄዱባት ዓይነት እንዳይመስልሽ። ቤት የተጫነባት ናት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አላት። ልጆች ሳለን በበጋ ወንዙ ዳር ይደረደሩ የነበሩትን አስታውሺ፤ አንቺ በእጅሽ ከፍ ታደርጊኝና እኔ በመስኮት አይቼ ውስጡን እተርክልሽ ነበር። «መጋረጃ አላቸው! የስኳር ዕቃ አላቸው!» እያልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣው። አሮጌ ወረቀት መለያ ድርጅታችን በየካቲት ተዘጋ። ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜ የለየሁትን ወረቀት አሁን ማሽን ይለየዋል አሉን። ካሳ ሰጡን፣ ኬክ ቆረሱልን፣ ተሰነባበትን። ታውቂያለሽ፣ ትምህርት ቤት ለኔ የሰጠኝ ፊደሉን ብቻ ነው፤ የሚነበበውን ያመጣልኝ ያ ወረቀት ነበር። ስለነዚህ መኪኖችም ያነበብኩት ከተቀደዱ መጽሔቶች ነው። ስለዚህ የሁሉንም ነገር ግማሽ አውቅ ነበር። የውሃው ጋን እንዴት እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ ከሞላ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን «ቀሪው በገጽ 48» ይላል፤ ገጽ 48 ደግሞ እኔ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

መኪናዋን የሸጡልኝ አቶ ቪልሄልም ኪርሽ ይባላሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ኢርምጋርድ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ስገባ ያየሁትን ልንገርሽ። በየቁም ሣጥኑ፣ በየቧንቧው፣ በየማብሪያው ላይ በቴፕ የተለጠፈ ትንንሽ ወረቀት ነበር፤ ሁሉም የሟች ሚስታቸው ጽሑፍ። ለራሳቸው የጻፉት ማስታወሻ ነው። ከአልጋው በላይ ጣሪያው ላይ፦ «ጭንቅላት!» ማቀዝቀዣው ላይ፦ «በጠማማ መንገድ እንቁላል ላይ እምነት አትጣዪ።» ሽንት ቤቱ በር ላይ፦ «ሣጥኑ እስኪሞላ አትጠብቂ። ካየሁት ነው የምጽፈው።» ከመሪው ፊት ለፊት፦ «ቁመትሽ ሁለት ሜትር ከዘጠና አምስት ነው። ድልድይ አያጎነብስም።» መውጫው በር ላይ ደግሞ፦ «ከመነሣትሽ በፊት፦ መስኮት፣ ጋዝ፣ መርገጫ፣ ቪልሄልም።»

ይህን የመጨረሻውን ሳነብ አቶ ኪርሽን ቀና ብዬ አየኋቸው። «አንዴ ነዳጅ ማደያ ጥላኝ ሄዳለች» አሉኝ። «አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ ስታወራኝ ነበር አሉ። ዝም ያልኩት አኩርፌ መስሏት።»

ከኔ በፊት ሦስት ገዢ መጥቶ ነበር። አንደኛው «ወረቀቶቹ ይላጣሉ፣ ግድ የለም» ብሎ በጥፍሩ ሲጀምር «መኪናዋ አትሸጥም» ብለው በሩን አሳዩት። እኔ ግን ወረቀት ነው ሥራዬ፤ አንድ በአንድ ቆሜ አነበብኩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ስጨርስ ሰውየው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። «ልጄ፣ ትልቅ ናት፤ አንቺ ደግሞ ብቻሽን ነሽ» አሉኝ። «ሳምንት ያዣት። እስከሚመጣው እሁድ ቀትር ካልተስማማችሁ መልሽልኝ፤ ገንዘብሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። አንቺም አታፍሪ፣ እኔም አልከፋም።»

መደርደሪያው ላይ የወይዘሮ ኢርምጋርድ የጉዞ ደብተር ነበር፤ የአሥራ አራት በጋ። እያንዳንዱ ገጽ ቀኑን፣ አየሩንና የተገኘውን ሰው ጽፎ ይጀምራል። «የተገኙት፦ እኔ፣ ቪልሄልም፣ አንድ ትንኝ» የሚል አለ። በሚቀጥለው ገጽ «የተገኙት፦ እኔ፣ ቪልሄልም» ብቻ። ደስ ስላለኝ ይኸው እኔም ደብዳቤዬን እንደሳቸው ጀመርኩ።

እንግዲህ ሰባት ቀን ነበረኝ። ወዴት መሄድ እንደፈለግሁ ለአቶ ኪርሽ አልነገርኳቸውም። ላንቺ ልንገርሽ፤ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ወዳንቺ ነበር። ካየሁሽ ስድስት ዓመት ሆነ። ልምጣ ባልኩ ቁጥር ፎልክማር «ቤቱ ጠባብ ነው፤ ለእንግዳ የሚሆን አልጋ የለንም» ይላል። እሺ፣ አልጋ ከሌለ አልጋዬን ይዤ ልምጣ አልኩ። ባልሽ ሊቆጣበት የሚችል ነገር አላየሁበትም።

ሰኞ ዕለት በተዘጋው ድርጅታችን ግቢ ውስጥ ተለማመድኩ። ወደፊት መንዳት ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው ይሸሽልሻል። የኋላ ማርሽ ነው ጉዱ። በስፖኪዮ ሳየው መኪናዋ ማለቂያ የላትም። ዘበኛው፣ ያ ቀድሞ ሰላምታ የማይሰጠኝ ሰውዬ፣ ከዳሱ ወጥቶ «ግራ! ግራ! ያንቺን ግራ አይደለም፣ የኔን ግራ!» እያለ ሲጮህ ዋለ። ማታ ላይ የቆሻሻ ገንዳ ብቻ ነው የገጨሁት፤ ያውም ባዶውን።

ማክሰኞ ተነሣሁ። መንገድ የሚያሳየውን መሣሪያ አልገዛሁም። የቬዘር ወንዝ ከኛ ከተማ ሥር ተነሥቶ ባንቺ መንደር አጠገብ ባሕር ይገባ የለም? ወንዝ አገሩን አይስትም፤ እሱን በቀኝም በግራም እያደረግሁ ልውረድ አልኩ። ገና ሁለተኛው ከተማ ሳልደርስ ከፊት ለፊቴ የመጣ እንደኔው ያለ መኪና ነጂ እጁን አነሣብኝ። አንድ ነገር ተበላሽቷል ብዬ ዳር ይዤ ወረድኩ። ዞሬ አየሁ፤ የበሩ መርገጫ ገብቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ቀጠልኩ። ሌላ መጣ፤ እሱም እጁን አነሣ። እንደገና ወረድኩ። በአራተኛው ላይ ጎማዎቹን በእግሬ ረግጬ፣ ከሥር ተንበርክኬ፣ ጋዙን አሽትቼ ምንም ሳጣ፣ «እንግዲህ የሚፈነዳ ከሆነ ይፈንዳ» ብዬ ነዳሁ። ባለ ቤት መኪናዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም እንደሚባባሉ ማታ ነው የተነገረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ በር ገብቼ ስወጣ ሰላም ያለኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በአንድ ቀን ግን አሥራ ዘጠኝ ሰው እጁን አንሥቶልኛል። ካወቅሁ በኋላ እኔም ሁለት እጄን ላነሣ ስል ለጥቂት ከመንገድ ወጥቼ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ቦደንቬርደር የወንዝ ዳር ማቆሚያ ገባሁ። መኪናዋ አዘንብላ ስለቆመች ሽብልቅ ከጎማዋ ሥር አስገብቼ አስተካከልኳት። ወይዘሮ ኢርምጋርድ ውሃ ልክ አይጠቀሙም፤ ጠረጴዛው ላይ «ሾርባሽ ወደ አንድ ወገን ከሄደ ሌሊት አንቺም ትሄጃለሽ» ብለው ጽፈዋል። የምስር ሾርባ በሳህን አስቀምጬ ሽብልቁን ስገፋ ስስብ፣ ሾርባው ቀጥ ሲል እንደ መሐንዲስ ኮራሁ። መቶ ሊትር ውሃ ሞላሁ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ሰካሁ። አንድ ነገር ግን አልነካሁም፤ የጋዝ ማሞቂያውን። ፈራሁት። ሁለት ካፖርት ደርቤ ተኛሁ።

ጠዋት የሰው ጩኸት ቀሰቀሰኝ። በሩን ስከፍት ከመኪናዬ ሥር ጀምሮ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ መሬቱ መስታወት ሆኗል። መሃሉ ላይ የመታጠቢያ ካፖርት የለበሰ ወፍራም ሰው፣ ሳሙናውን እንደያዘ፣ በቂጡ ተቀምጧል። የጎረቤት መኪናው በር ተከፈተና ሚስቱ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ወድቀህ ነው ወይስ እየጸለይክ?» አለችው። እሱም «ልታጠብ እየሄድኩ ነበር። ይኸው መንገድ ላይ ታጠብኩ!» አላት።

ውሃዬ ነበር። መቶ ሊትሩ በሙሉ። ቧንቧውን ስከፍት ጠብ የሚል የለም። እትዬ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በመጀመሪያው ሌሊት ሰበርኳት ብዬ ነው። የሰው ሚስት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በወረቀት ስትጠብቃት የኖረችውን መኪና እኔ በአንድ ሌሊት! አቶ ኪርሽን ምን ብዬ ነው የማያቸው? እመልሳታለሁ፤ ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደመጣሁበት ነው የምዞረው አልኩ።

ሰውየው ኤግበርት፣ ሚስቱ ሮስቪታ ይባላሉ። ሮስቪታ የቤት ጫማዋን እያንሸራተተች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ለዚህ ነው የምታለቅሺው? ለዚህች ውሃ?» አለችኝ። «እኔ በመጀመሪያው ሳምንቴ መጋረጃ አቃጥያለሁ።» ኤግበርት ከመሬት እየተነሣ «መጋረጃ ብቻ?» አለ። «አንተ ዝም በል፣ ቅንድብህ በቅሏል» አለችው።

ከዚያ ኤግበርት በአልጋው ሥር ያለውን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ። የውሃ ማሞቂያው ላይ አንዲት ትንሽ መክፈቻ አለች፤ ብርድ ሲበረታ ራሷን ትከፍትና ውሃውን ትለቀዋለች። እኔ ደግሞ ውሃ ገፊውን ሞተር ሳላጠፋ ተኝቼ፣ እሱ ከጋኑ እየሳበ ሲልክላት፣ እሷ ስታፈስ አድረዋል። ወይዘሮ ኢርምጋርድ ስለዚህች ያልጻፉት ከግንቦት በፊት ከቤት ወጥተው ስለማያውቁ ይሆናል። «አልተበላሸችም» አለኝ ኤግበርት። «እንዳትበላሽ ነው ያፈሰሰችው። ውሃውን ይዛ ብትቆይ ኖሮ ሲረጋ ሆዷን ይሰነጥቀው ነበር። ባዶዋን የቀረች መኪና ትሞላለች፤ የተሰነጠቀች ግን አትሞላም።»

ሮስቪታ ከኪሷ የልብስ መቆንጠጫ አውጥታ «ይቺን መክፈቻዋ ላይ አድርጊባት፤ ወዲያ ወዲህ አትልም» አለችኝ። ባልየው ጮኸ። «መቆንጠጫ አታስተምሪያት! ሰው መኪናውን የሚገድለው በመቆንጠጫ ነው!» «አሥር ዓመት ሙሉ በመቆንጠጫ ነው የተጓዝኩት!» «አሥር ዓመት ሙሉ ማሞቂያውን እያበራሁ የማድረው እኔ ነኝ፤ መቆንጠጫሽ ሥራ ፈትቶ ነው የኖረው!» ለካ ይህን ሮስቪታ አታውቅም ነበር። ቆመችና አየችው። «አሥር ዓመት?» አለች። «ሌሊት እየተነሣህ?» «እግርሽ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው» አለ እሱ። እኔ ወደ ወንዙ ዞሬ ዳክዬ የምቆጥር መሰልኩ።

ማሞቂያውን ማብራት ያስተማረችኝ ሮስቪታ ናት። ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ እስከ አሥር ትቆጥሪያለሽ፣ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ በትንሿ መስኮት ሰማያዊ ነበልባል ይታያል። በመጀመሪያው ጣቴን ይዛ ነው ያስጫነችኝ፤ በአምስተኛው ግን እኔ ነኝ «አንዴ ልድገመው» ያልኩት። መኪናዋ ውስጥ ሙቀቱ ሲሰራጭ፣ የሟቿ ወረቀቶች ሁሉ በየቦታቸው ላመል ያህል ንቅንቅ ሲሉ፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሮስቪታም ሳቀች፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም።

ቢሆንም ልመለስ ወይስ ልቀጥል የሚለው አልለቀቀኝም ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ከዚያ ወደኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ወደፊት ግን ገና ብዙ አለ። ወደ አምስት ሰዓት ግድም ላንቺ ደወልኩ። ስልኩን ፎልክማር አነሣው። «ተኝታለች» አለኝ። ከቀኑ አምስት ሰዓት! አሟት ነው ወይ አልኩት። «ምን ያማታል? ተኝታለች አልኩሽ» አለና «ለበጋው ልምጣ ልትይ ከሆነ አልጋ የለንም፣ ነግሬሻለሁ» አለኝ። ከበስተጀርባው የሸክላ ዕቃ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ አንድ ሰው ሰሃን ያጥባል። ሰሃን ስታጥቢ ማንኪያዎቹን መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ነው የምትለቂያቸው፤ እናታችን ዘወትር ትቆጣሽ ነበር። እንደዚያው ተለቀቁ።

ለፎልክማር ምንም አልመለስኩለትም። ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቅልኝ ሙያ ነው። ስልኩን ዘግቼ ጋኑን እንደገና ሞላሁ፣ ሽብልቆቹን አወጣሁ፣ «መስኮት፣ ጋዝ፣ መርገጫ» አልኩና ወደ ሰሜን ነዳሁ። ኤግበርት ያለኝን፣ ያንን ስለመያዝና ስለመልቀቅ ያለውን፣ እስከ ሚንደን ድረስ ሳስበው ሄድኩ። ያሰብኩትን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ሐሙስና ዓርብን ብዙ አላወራሽም። ኒንቡርግ ላይ ከአንድ ገበያ አዳራሽ መግቢያ፣ ከላዩ ዝቅ ያለ ብረት የተጋደመበት ቦታ፣ ከኋላዬ ሰባት መኪና አስከትዬ ገብቼ ነበር። ማጎንበስ የማይችል ብረቱ ብቻ አይደለም፤ እኔም አልችልም። ወረድኩና ለሰባቱም ነጂዎች በየተራ «ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ» አልኳቸው። አንዲት ወጣት እናት ከመኪናዋ ወርዳ ሰዉን ሁሉ ወደኋላ አስባለችልኝ። እንደዚያ ቀጥ ብዬ በኋላ ማርሽ ሄጄ አላውቅም! ሲያልፉኝ አንዱ ጥሩምባ ነፋ፤ የቀሩት ስድስቱ አጨበጨቡልኝ። ብሬመንን በዓርብ ረፋድ መሃል ለመሃል አለፍኩ፤ ለብቻዬ እየዘመርኩ ነው ያለፍኩት፤ ዝማሬው ደግሞ ከፍርሃት ነበር፣ ኋላ ግን ሳላውቀው ደስታ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት መንደርሽ ደረስኩ። ባንቺ ቤት በኩል አላለፍኩም። የበግ አርቢው ከግድቡ ሥር ሜዳ አለው፤ ልቁምበት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ከየት ነሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ለምን መጣሽ?» አለኝ። ለእህቴ አልኩት። ከማን ቤት እንደሆነ ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። «እስከፈለግሽው ቁሚ» ብሎኝ ሄደ። ውሻው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ከዚያ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ ወይዘሮ ታልኬ ገና ስገባ ትኩር ብላ አየችኝና «አገጭሽን የት ነው የማውቀው?» አለችኝ። እህትሽ መሆኔን ነገርኳት። የቆመ ሰው ስለነበረ እስኪወጣ ጠበቀች። «እሁድ እሁድ ትመጣለች» አለችኝ ከዚያ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ስድስት ዳቦ። ሰዓቷን እያየች ነው የምትገዛው። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት አሥር ደቂቃ ቆየች፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ራሱ መጣ፤ እሷን ለሦስት ሳምንት አላየናትም።» ደብዳቤ ልተው ወይ ብላት «ከከረጢቱ ውስጥ አላስገባውም፤ በእጇ ነው የምሰጣት» አለችኝ። «ከምድጃው ጀርባ ወንበር አለኝ። እዚያ ሰው አይገባም።»

ከቀትር በኋላ ለአቶ ኪርሽ ደወልኩ። አልመልሳትም አልኳቸው። «ወረቀቶቹ አሉ?» አሉኝ። ሁሉም አሉ፤ አንድ ደግሞ እኔ ጨምሬያለሁ፣ ስለ ብርድና ስለዚያች መክፈቻ አልኳቸው። ምን ብለሽ ጻፍሽ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። «ኢርምጋርድ ብትሆን አጠር ታደርገው ነበር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠና «እንግዲህ አንቺም ቪልሄልምን ጥለሽው ሄድሽ ማለት ነው» አሉኝ። ከፋቸው ስል ሲስቁ ሰማኋቸው።

ቀሪውን ነገ እጨምርበታለሁ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 7 ቀን።
አየሩ፦ ጸጥ ያለ፤ ጉም ግድቡ ላይ።
የተገኙት፦ እኔ።

እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን እንዳለ ልጻፍልሽ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ፊቴን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ። ሁለት እንቁላል ቀቀልኩ፤ አንዱን በላሁ፣ ሌላውን እንዳይቀዘቅዝ በፎጣ ጠቀለልኩት። የሽንት ቤቱን ሣጥን ባዶ አደረግሁ። ከበጎቹ በረት የሳብኩትን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅዬ ጠቀለልኩ። ሽብልቆቹን ከጎማዎቹ ሥር አወጣሁ። አንድ ሰዓት ላይ መኪናዋን አዞርኳት፤ ሦስት ጊዜ ወደኋላ፣ ሦስት ጊዜ ወደፊት፤ ማንም አላገዘኝም። አሁን አፍንጫዋ ወደ ትልቁ መንገድ ነው። ከፊት በስተቀኝ ያለውን ወንበር ጠርጌ የሱፍ ብርድ ልብስ አኖርኩበት። መርገጫዋ ከፍ ስለሚል ከሥሩ በርጩማ አደረግሁ። ነዳጁ ሙሉ ነው። ካፖርት አለ፣ ጫማም አለ፤ የእግራችን ቁጥር እኩል ነበር። ለዳቦ ብለሽ የወጣሽበት ልብስ ይበቃል።

መኪናዋ ነጭ ናት፤ በጎኗ ቡናማ መስመር አላት። ከዳቦ ቤቱ በኋላው በር ወጥተሽ ግድቡን በግራሽ አድርገሽ ስትሄጂ፣ ከበጎቹ በረት ቀጥሎ ናት። በእግር አራት ደቂቃ ነው፤ ሰዓት ይዤ ሄጄዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ባንኮኒው ላይ ሆኜ ነው፤ እርሳሱ የወይዘሮ ታልኬ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። «ለምን ቆመሽ አትጠብቂያትም?» ትለኛለች። አልጠብቅሽም። ፊት ለፊትሽ ብቆም እሺ ትይኛለሽ፤ ለጠየቀሽ ሰው ሁሉ እሺ ስትዪ ነው የኖርሽው። እኔ እሺሽን አልፈልግም። ስድስቱ ዳቦ በከረጢት ተዘጋጅቷል፤ ይዘሽው ወደ ቤትሽ ብትሄጂ አልቀየምሽም፣ ማንም አያውቅም። ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው እሁድ ሜዳው ላይ ነኝ። እሱም ካልሆነ ከዚያ በሚቀጥለው። ቤቴ አብራኝ ስላለች የምቸኩልበት የለኝም።

በስተቀኝ ያለው በር አልተቆለፈም።

እናታችን ሁለታችንንም አደራ ያለችው አምላክ እግርሽን ያቅናው፤ ልብሽን ያሳርፈው። ዕድሜሽን በሳቅ ይሙላልሽ።

ታናሽ እህትሽ